መነጽር የማያስተካክለው የእይታ ድካም

በዓይን የገባው ብርሃን ወደ አንጎል የሚደርሰው በእይታ ነርቭ በኩል ነው። ይህ ነርቭ ሲጎዳ ዓይኑ ከላይ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ እይታው ግን ይደክማል። ከቦሌ መነጽር ቤቶች የተገዛ መነጽር ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢስተካከል ለዚህ ሕመም አይረዳም።

የሐኪሙ የመጀመሪያ መሣሪያ ተራ ባትሪ ነው። አንዱን ዓይን አብርቶ ወዲያው ወደ ሌላው ያሻግራል። ብርሃኑ ነርቡ ወደተጎዳው ዓይን ሲዞር፣ ጠበው የነበሩት ብሌኖች መልሰው ይሰፋሉ። ሁለቱም ዓይኖች እኩል ከተጎዱ ግን ይህ ልዩነት አይታይም፤ ስለዚህ የቀለም ምርመራ ይታከላል። የዓይኑ ውስጥ ሲታይ የነርቡ ጫፍ አብጦ ከተገኘ፣ የአንጎል ግፊት መጨመሩ ስለሚያሰጋ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ በአስቸኳይ ይታዘዛል። በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞችን የሚያሠለጥንበት ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች በተለይ ይህን ልብ ይበሉ። በሕክምናው የመጀመሪያ 2 ወራት ከሚሰጡት 4 መድኃኒቶች አንዱ ኢታምቡቶል ነው። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የእይታ ነርቭን ይጎዳል፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል። ቀይና አረንጓዴን መለየት ማዳገት ከቀዳሚ ምልክቶቹ አንዱ ነው። እንዲህ ያጋጠመው ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። መድኃኒቱን የሚያስቆመው ወይም የሚቀይረው ባለሙያው ነው፤ ሕክምናውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ በሽታው መድኃኒት እንዲለማመድ ያደርጋል። ጊዜ ሳያልፍ ከተደረሰበት የብዙዎች እይታ በሳምንታት ወይም በወራት ይሻሻላል።

ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ከዚህ ይከፋል። ጉበት ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ አሲዱም ነርቡን ይመርዛል። የእይታ መደብዘዙ ከጠጡ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ስለሚጀምር ብዙዎች የስካር ድካም አድርገው ያልፉታል። ሆስፒታል ፈጥኖ የደረሰ ታማሚ ማርከሻ ይሰጠዋል፤ እንደ ሁኔታውም ደሙ በመሣሪያ ይታጠባል።

ማላታይን በመርጨት ላይ ያለ ገበሬ ደግሞ ብሌኑ ጠብቦ፣ እይታው ደብዝዞ፣ ምራቁና ላቡ ከበዛ መርዙ ነርቮቹን ነክቷል ማለት ነው። ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በውኃ ማስታጠብ፣ ወዲያውም ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል፤ በዚያ አትሮፒን ይሰጠዋል። የመርዙ ዕቃ በጽሑፉ እንዲለይ አብሮ ይወሰድ፤ ክዳኑ ግን በደንብ ይዘጋ።