ማሽኗ የታዘዘችውን አደረገች፣ ጥፋቱ የኔ ነው!

መቼም እጁ የማያርፍ ሰው ቤቱ ከሰጋቱራ አይጠራም። እኔም አንዱ ነኝ። ጓደኞቼ ከሥራ መልስ ኳስ ሲያዩ እኔ እንጨት ስፍቅ አመሻለሁ። ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥዬ፣ ዕጣው ሲደርሰኝ በዘመድ በኩል ያስመጣኋት አንዲት ትንሽ ሲኤንሲ አለችኝ። ለማታውቋት፣ ሲኤንሲ ማለት በኮምፒዩተር የምትታዘዝ ፍሬዛ ናት። የእኔዋ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ 300 በ180 ሚሊ ሜትር ቦታ ላይ ብቻ የምትሠራ ናት።

ታዲያ ታናሽ እህቴ ልታገባ ቀን ሲቆረጥ፣ «ረከቦቱን እኔ ነኝ የምሠራላት!» ብዬ ፎከርኩ። እናቴ ደስ ብሏት የድሮ ብፌዋን ሁለት የዋንዛ በሮች አውጥታ ሰጠችኝ። ብፌው ለራሷ ሠርግ የተሠራ ነው። «የኔ ሠርግ እንጨት ለልጄ ሠርግ ይሁን» አለችኝ። አደራው እንዴት ከባድ እንደሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው።

የረከቦቱ ላይ ስድስት የሲኒ ማስቀመጫ ጉድጓድ ይኖረዋል። ሥዕሉን በአንድ ምሽት ጨረስኩ። ከዚያ ካም የሚባለው ሶፍትዌር ሥዕሉን ወደ መቁረጫ መንገድ ይለውጠዋል። ማሽኗ የምታነበውን ጂ-ኮድ የሚጽፈው እሱ ነው። እኔ ግን ቸኩዬ፣ የሚጠይቀኝን ሁሉ ሳላነብ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ አለፍኩት።

ሦስቱ ጉድጓዶች እንደ ሎሚ ክብ ሆነው ወጡ። ወደ አራተኛው ስታልፍ… ቋ! እንጨቱን የያዘው የማጥበቂያ ብረት ከእንጨቱ በላይ 12 ሚሊ ይቆማል። እኔ ደግሞ ፍሬዛዋ ከቦታ ቦታ ስትሻገር 5 ሚሊ ብቻ ከፍ እንድትል አዝዣታለሁ። ብረቱን ገጨችው፣ ሞተሩ መስመሩን ሳተ። የሚያስቀው፣ ይቅርታ፣ የሚያስለቅሰው፣ ማሽኗ መሳቷን አለማወቋ ነው። ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥላ አራተኛውን ጉድጓድ በሦስተኛው ላይ ደርባ ቆፈረችው። እስካጠፋት ድረስ አንዱ በር አበቃለት።

እናቴ በድምፁ ደንግጣ መጣች። እንጨቱን ዳበስ አድርጋ፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሽን ዓይን የለውም እንዴ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እውነቷን ነው፣ ዓይን የላትም። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ በሚባለው ተቋም በቁጥር የሚታዘዝ ፍሬዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳ ቴፕ ነበር። ዛሬ ቴፑ ቀርቷል፣ ጠባዩ ግን በእኔዋ ዓይነት ትንንሽ ማሽኖች ላይ ያው ነው። የተነገራትን ታደርጋለች፣ የምታየውን ግን አታይም። ማየት ያለበት ዕቅድ አውጪው ነው።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ የቀረኝ አንድ በር ነው። በዚህኛው አልቸኮልኩም። ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ሲኤንሲ ላላችሁ ወይ ለመግዛት ለምታስቡ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ እንጨቱን በትክክል ለክታችሁ ለሶፍትዌሩ ንገሩት። በግምት 18 ሚሊ ያላችሁት ጣውላ 19.5 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዜሮ የምትሉትን ነጥብ ማሽኑም ላይ ሶፍትዌሩም ላይ አንድ ቦታ አድርጉ። እኔ የእንጨቱን የግራ ጥግ መርጬ ብረት አስደገፍኩት።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱን አስሉ እንጂ አትገምቱ። ሞተሩ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ቢዞር፣ ፍሬዛዋ 2 ጥርስ ቢኖራትና እያንዳንዱ ጥርስ 0.04 ሚሊ እንዲነክስ ብትፈልጉ፣ ሦስቱን አባዙ፦ በደቂቃ 800 ሚሊ ሜትር ትሄዳለች። አቅሟ ደከም ያለ ማሽን ከሆነች ከዚያም ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ።

ሦስተኛ፣ በአንድ ጉርሻ አትዋጡት። 6 ሚሊ ጥልቀቱን በ1.5 ሚሊ አራት ዙር ከፈልኩት።

አራተኛ፣ መሻገሪያውን ከፍታ ከማጥበቂያው ብረት በላይ አድርጉ። የእኔን ከ5 ወደ 15 ሚሊ አነሳሁት።

አምስተኛ፣ መጀመሪያ በስክሪን ላይ ቁረጡ። ፍሪካድን በመሰሉ በነፃ በሚገኙ ሶፍትዌሮች አቆራረጡን በምስል ማየት ይቻላል። ልብ በሉ፣ ምስሉ እናንተ ያልነገራችሁትን ማጥበቂያ አያውቅም። ስለዚህ እኔ ከምስሉ በኋላ ዜሮውን 10 ሚሊ ከፍ አድርጌ ማሽኗን አንድ ጊዜ በባዶ አየር አስሮጥኳት። መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፣ እየሠራች ጥላችሁ አትሂዱ።

ስድስተኛዋ የሀገራችን ናት፦ መብራት። አምስተኛው ጉድጓድ ላይ እያለች ድርግም! መብራት ሲሄድ ማሽኗ የት እንደነበረች ትረሳለች። እኔ ግን ዜሮዬ ብረት የተደገፈው ጥግ ስለሆነ፣ እንጨቱን ሳልነካ፣ መብራት ሲመጣ ፍሬዛዋን ወደዚያው ጥግ መልሼ ከአምስተኛው ጉድጓድ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ጉድጓድ ለየብቻው ፋይል ማድረጌ ጠቀመኝ።

ስድስቱም ወጡ። የረከቦቱን እግሮች ከዚያ ከተበላሸው በር በእጄ ሠራኋቸው። በመልሱ ቀን እህቴ ቡና ስታፈላ እናቴ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በቦታቸው አስቀመጠችና ወደኔ ዞራ፣ «አሁንስ ዓይን አወጣ» አለች።

እናንተም ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ምሽት ብታስቡ የሚጎዳ የለም። የተቆረጠ እንጨት ግን አይመለስም።

በሉ፣ ቸር ያገናኘን!