ጭሱ ምን ይናገራል? የናፍጣ ሞተርን መርምሮ ነዳጅ ስለ መቆጠብ

ከገዳሪፍ ገበያ ማሽላ ጭኖ የሚወጣ ሎሪ ጥቁር ጭስ ሲለቅ ያላየ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። ብዙ ሰው ጭሱን የጉልበት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጥቁር ጭስ በሚገባ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎበት ሥራ ያልሠራለት ነዳጅ ማለት ነው።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ሠርቶ ያሳየው ይህ ሞተር አየርን በኃይል በማመቅ ያግለዋል። በጋለው አየር ላይ ናፍጣ በኖዝል እንደ ጉም ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ አየሩ ካነሰ፣ ወይም ኖዝሉ በመርጨት ፈንታ ካንጠባጠበ፣ ናፍጣው በደንብ አይነድም።

ጥቁር ጭስ ሲታይ ከሁሉ በፊት የሚታየው የአየር ፊልትሮ ነው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው፤ በመከር ጊዜ እርሻ ለእርሻ የሚሄድ መኪና ፊልትሮ ቶሎ ይታፈናል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ነጭ ጭስ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ከሞቀ በኋላ ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። (ልጆች፣ የጋለ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ።)

በሞቃት አገር አንዳንድ መካኒኮች «ሙቀት ይቀንሳል» ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ። ይህ ልማድ ነዳጅ ያስበላል። ሞተር የሚገባውን ሙቀት ካላገኘ ናፍጣው በደንብ አይነድም፣ ዘይቱም ወፍሮ እንቅስቃሴውን ያከብዳል። በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ከሆነማ «ገና አልሞቅሁም» ብሎ የናፍጣውን አረጫጨት በቀዝቃዛ ሞተር ልክ ሊያደርገው ይችላል።

የዛሬ ትልልቅ መኪናዎች ኮምፒውተር አላቸው። መካኒኩ የምርመራ መሣሪያውን ከመኪናው ጋር ሲያገናኝ የብልሽት ቁጥር ይወጣለታል። ቁጥሩ ግን የሕመሙን ምልክት እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይነግርም። «የአየር ግፊት አነሰ» ቢል ምክንያቱ የላላ ቱቦ ወይም የታፈነ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። ሳይመረምሩ ውድ ዕቃ የሚገዙ ብዙዎች ናቸው። ቁጥሩን አጥፍቶ መኪናውን መላክማ ቴርሞሜትር ሰብሮ በሽተኛው ዳነ እንደ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የባለ መኪናው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል አብዛኛውን የነዳጅ ጉድጓዷን አጣች። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ ከካርቱም በስተሰሜን ያለው የአል ጀይሊ ማጣሪያ ሥራ አቆመ። ከውጭ የሚገባው ነዳጅ በፖርት ሱዳን በኩል ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው ገዳሪፍ የሚደርሰው። የውሃ ቦቴውም፣ የእህል ወፍጮውም፣ ትራክተሩም የሚሠሩት በዚሁ ናፍጣ ስለሆነ፣ የባከነው ሊትር ዞሮ በዱቄትና በውሃ ዋጋ ላይ ይጨመራል።

መሣሪያ ለሌለው ሰው እርሳስና ደብተር ይበቃዋል። ታንከሩን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ፤ ሲመለስ እንደገና ሞልቶ የገባውን ሊትር ይጻፍ። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በዚህ መንገድ 60 ሊትር ጨረሰ እንበል፦ 150 ለ60 ሲካፈል በአንድ ሊትር 2.5 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ቆሞ የሚንዶቀዶቅ ሞተርም ይታሰብ። ትልቅ የጭነት መኪና ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ያህል ይፈጃል፤ አሥር መኪናዎች ጭነት ሲጠብቁ ሁለት ሰዓት ሞተር ባያጠፉ 60 ሊትር፣ ማለትም አንድ የገላባት ጉዞ ጠፋ ማለት ነው።

ብዙ መኪና የሚያሠራ ድርጅት አንድ ዓይነት መኪናዎችን በአንድ መንገድ፣ በተመሳሳይ ጭነት ያወዳድራል። ዘጠኙ 2.5 ሲሄዱ አሥረኛው 2 ብቻ ከሄደ፣ ሾፌሩን ከመጠርጠር በፊት የጎማው ንፋስ፣ ፊልትሮውና ኖዝሉ ይታያሉ።