ደኑን መቍረጥ ወይስ ማቈየት? በደጀን በአንድ ቤት የታየ ጨዋታ

የቀድሞ መኳንንት በሰንጠረዥ፥ እረኞችም መሬት ጭረው በገበጣ አሳባቸውን ያሠለጥኑ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በኮምፒዩተር የሚጫወቱት «ሲቪላይዜሽን» የተባለው ጨዋታም በተራ በተራ የሚካሄድ ስለ ሆነ የእነዚህ ታናሽ ወንድም ነውና፥ ስለ እርሱ ጥቂት ቃል መጻፍ ተገቢ ሆኖ ታየን።

በቅርቡ ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለችው በደጀን፥ በአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት አድረን ነበር። ወዳጃችን ከጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ በሙሉ ለነጋዴ ሸጠው በገንዘቡ የእህል ወፍጮ ሊገዙ አስበዋል፤ ባለቤታቸው ግን ማገዶውም የቤት ማገሩም ከዚያ ስለሚወጣ አልተስማሙም። ነገሩ በእራት ላይ ሳይቋጭ ቀረ። ከእራት በኋላ ልጃቸው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ፥ አጤ ምኒልክን ሆኖ ኢትዮጵያን ያስተዳድር ጀመር።

ይህ ጨዋታ በመጀመሪያ የወጣው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፥ ስሙ ከሲድ ሜየር ጋር ተያይዞ ይጠራል። ስድስተኛው በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ወጣ፤ ኢትዮጵያም በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ተጨመረችበት። ተጫዋቹ ከተማ ይቈረቍራል፥ ሠራዊት ያደራጃል፥ ምርቱንም በየተራው ይቈጥራል።

ልጁ የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው ደን መመንጠር ነበር። ምክንያቱን ብንጠይቀው እንዲህ ሲል አስረዳን። አንድ ቦታ ደን በጨዋታው መጀመሪያ ሲመነጠር ለከተማው 20 ያህል የምርት ጕልበት በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ማግነስ የተባለው አገረ ገዥ በዚያ ከተማ ከተሾመ ግን ግማሽ ያህል ስለሚጨመርበት 30 ይሆናል፤ እርሱም ሥራውን እስኪይዝ 5 ተራ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ለጥንት ዘመን እግረኛ ወታደር ማሠልጠኛ ግማሽ የሚጨምረውን ደንብ አስቀድሞ ያወጀ ሰው፥ ያንኑ ደን እግረኛ በሚያሠለጥንበት ተራ ቢመነጥረው 45 ያገኝበታል። «እንግዲህ አባባ፥» አለ ልጁ፥ «ያለ ጊዜው የቈረጠ ሰው ከግማሽ በላይ ይጐድልበታል።»

አባትየው ደስ ብሏቸው ወደ ባለቤታቸው ተመለከቱ። እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ የልጁ ስሌት አስደነቀን፤ ብዙ ሹም ከሚያቀርበው የበጀት መግለጫ ይልቅ የጠራ ነበርና።

ነገር ግን ወይዘሮዋ ቀርበው ማየት ጀመሩና፥ ለኢትዮጵያ የተለየ ምን እንደ ተሰጣት ጠየቁት። ልጁም ከዓለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ነገራቸው። በኮረብታ ላይ ይሠራል፤ ራሱ 1 እምነት ይሰጣል፥ በዙሪያው ላለ ለእያንዳንዱ ኮረብታና ተራራም 1 ይጨምራል። አራት ኮረብታ ቢከቡት በየተራው 5፥ በ40 ተራ 200 ይሆናል። ከተማው ራሱ በኮረብታ ላይ ከተቈረቈረ ደግሞ ከእምነቱ መቶ እጅ 15 የሚያህል በዕውቀትም በባህልም ይታሰባል፤ ይኸውም በ40 ተራ 30 ዕውቀትና 30 ባህል ማለት ነው። እንዲሁም ስንዴውና ድንጋዩ፥ ተነቅሎ ከሚበላ ይልቅ በቦታው ቢለማ፥ ለኢትዮጵያ እምነት ያስገኛል። ስለዚህ ሌላው መንግሥት ነቅሎ የሚያተርፍበትን የእኛው ምኒልክ ሲጠብቀው ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለን። እውነተኛው አጤ ምኒልክም በዚሁ ነገር ተፈትነው ነበር። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያዋ ያለው እንጨት ስላለቀ፥ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ዋናው ከተማ ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ነበር። ከተማይቱን ካዳኗት ነገሮች አንዱ ከውጭ አገር መጥቶ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ይህንን ስንነግራቸው ልጁ እጁን ከኮምፒዩተሩ አንሥቶ አደመጠን።

ወይዘሮዋም፥ «በዚህ ጨዋታ የተቈረጠው ዛፍ ከጕቶው ያቈጠቍጣልን?» አሉት።

«የለም እማማ፥ ባዶ መሬት ነው የሚቀረው። ብዙ ትምህርት ካለፈ በኋላ ብቻ እንደ ገና መትከል ይቻላል።»

«የእኛው ግን ያቈጠቍጣል፤» አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው። «እንግዲያው ሁሉን በአንድ ቀን መጨረስ ምን ያስቸኵለዎታል?»

ወዳጃችን መልስ ሳይሰጡ ወደ መኝታቸው ሄዱ። በማግሥቱ ነጋዴው መጥረቢያ ካስያዛቸው ሰዎች ጋር በደረሰ ጊዜ፥ በመንገዱ በኩል ያለውን ግማሽ ብቻ ሸጡለት። ለወፍጮው የጐደለውን ገንዘብ ከጎረቤታቸው ጋር ተሻርከው ሊያሟሉ ተስማሙ፤ እኛም ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ተነሣን፥ ልጁ ግን ገና ሁለት ኮረብታ ቀርቶታልና ሊሰናበተን አልወጣም።