ከማማ የሚላከውን ኢንተርኔት ስለሚቀበለው ሬዲዮ አመራረጥ

ውሃ ከምንጭ ወደ መንደር በቦይ እንደሚደርስ፥ በዚህ ዘመን ትምህርትና ወሬ በኢንተርኔት አማካይነት ከአገር ወደ አገር ይደርሳል። በከተማ ይህ መንገድ ፋይበር በሚባል እንደ ክር በቀጠነ መስተዋት ይዘረጋል። ተራራና ገደል በበዛበት ገጠር ግን ፋይበሩን ለጥቂት ቤቶች ብሎ መዘርጋት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ በብዙ አገር ያሉ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች በከፍታ ላይ ማማ አቁመው ኢንተርኔቱን በሬዲዮ ሞገድ ይልካሉ። በተቀባዩም ቤት ጣራ ላይ ትንሽ ሬዲዮ ይተከላል። ይህ ሬዲዮ እንደ ወሬ መስሚያው ሬዲዮ የሚሰማ ብቻ አይደለም፤ ይሰማልም፥ ይናገራልም። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው የጣራው ሬዲዮ በምን ተመዝኖ ሊመረጥ እንደሚገባው ነው።

ይህ ጥበብ ከተጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ኖርማን አብራምሰን የተባሉት መምህር ከባልደረቦቻቸው ጋር በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ አሎሃኔት የተባለውን የሬዲዮ መገናኛ ሥራ አስጀመሩ። ዓላማቸውም በባሕር በተለያዩት ደሴቶች ያሉ ሰዎች በሬዲዮ አማካይነት በአንድ ኮምፒዩተር እንዲገለገሉ ነበር። በዚያን ጊዜ የገጠማቸው ችግር ዛሬም ያው ነው፤ ይኸውም አየሩ አንድ ሲሆን ተናጋሪዎቹ ብዙዎች መሆናቸው ነው። ሁለቱ ባንድ ጊዜ የተናገሩ እንደ ሆነ የሁለቱም ቃል ይደባለቃል።

ስለዚህ አንድ ማማ በአንድ አቅጣጫ የሚያገለግላቸው ቤቶች አየሩን በተራ ይካፈላሉ። ነገሩ አንድ አሸንዳ ብቻ ካለው ምንጭ ጋር ይመሳሰላል። ውሃ ቀጂዎቹ ሁሉ አፈ ሰፊ እንስራ ይዘው ቢመጡ ተራው ቶሎ ይደርሳል፤ ከመካከላቸው አንዷ አፈ ጠባብ እንስራ ያመጣች እንደ ሆነ ግን እርስዋ እስክትሞላ ድረስ ሁሉም ቆመው ይጠብቃሉ። በቍጥርም ቢታይ እንዲህ ነው። ዐሥር ቤቶች እያንዳንዳቸው 10 ሜጋቢት የሚሆን ጽሑፍና ሥዕል ፈለጉ እንበል። የሁሉም ሬዲዮ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀበል ከሆነ ለዐሥሩ ሁሉ አንድ ሰከንድ ይበቃል። ከዐሥሩ የአንዱ ሬዲዮ ብቻ ደክሞ በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚቀበል ከሆነ ግን፥ እርሱ ብቻውን አንድ ሙሉ ሰከንድ ይወስዳል፤ ዘጠኙም 0.9 ሰከንድ ይወስዳሉ። እንግዲህ በአንዱ ድካም ምክንያት የሁሉ ሥራ ወደ እጥፍ ቀረበ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ በርካሽነቱ ብቻ የተመረጠ ሬዲዮ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱንና የጤና ጣቢያውን ድርሻም ይበላል። የሬዲዮ ምርጫ የአንድ ሰው ጉዳይ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በሚመረጥበትም ጊዜ አምስት ነገሮች ሊመረመሩ ይገባል።

አንደኛው የእይታ መስመር ነው። ለዚህ ሥራ የሚውለው ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ከጣራው ላይ ማማው መታየት አለበት። የእይታ መስመር ምን ያህል ኀይል እንዳለው በ2007 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር) በቬኔዙዌላ ታይቷል። በዚያ አገር ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ የተባሉት መምህር ሶፍትዌሩ በተለወጠ ተራ የዋይፋይ መሣሪያና በትልልቅ አንቴና ሁለት ተራራዎችን በ382 ኪሎ ሜትር ርቀት አገናኙ። ይህ የተቻለው በመካከሉ የሚጋርድ ነገር ስላልነበረ ነው። በአንጻሩ ግን በ500 ሜትር ርቀት ያለ ማማ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ከጋረደው ሊጠፋ ይችላል። ማማው በዓይን መታየቱም ብቻውን አይበቃም። ሞገዱ እንደ ክር ቀጥኖ ሳይሆን በመካከል እንደ እንዝርት አብጦ ስለሚሄድ፥ ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ በመካከሉ ስፍራ ከመስመሩ በታች 5 ሜትር ያህል ባዶ አየር ያስፈልጋል። እንዲሁም የባሕር ዛፍ ችግኝ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከጣራ በላይ የሚያድግ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የተከፈተው መስመር ነገ ሊዘጋ መቻሉን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው ርቀትና የአንቴናው ዓይነት ነው። የፋኖስ ብርሃን እየራቀ ሲሄድ እንደሚደክም ሞገድም ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ወደ ሩብ፥ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳል። ለቅርብ ቤት ጠፍጣፋው ትንሽ አንቴና ይበቃዋል። ለሩቅ ቤት ግን የሳህን ቅርጽ ያለው ያስፈልጋል። ሳህኑ እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ እንደሚያዳምጥ ሰው ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ድምፅ ይሰበስባል፥ ከጎን የሚመጣውንም ሁከት ይቀንሳል። ነገር ግን የሚያየው ስፍራ ጠባብ ስለ ሆነ ነፋስ ጥቂት ቢያዞረው ማማውን ይስታል፤ ስለዚህ የሚታሰርበት ብረት የጸና መሆን አለበት። የተተከለው ሬዲዮ በደንብ መስማቱ የሚታወቀው በዴሲቤል መለኪያ ነው። ቍጥሩ ከዜሮ በታች የሚቈጠር ስለ ሆነ ከዜሮ በታች 60 ከዜሮ በታች 80 ከሆነው ይበልጣል፤ በሁለቱም መካከል ያለው የኀይል ልዩነት መቶ እጥፍ ነው። በተለመደው መሣሪያ ከ50 እስከ 65 ያለው መልካም ሲሆን፥ 75ን ያለፈው ደካማ ነው።

ሦስተኛው የሞገዱ ርዝመት ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ብዙ የቤት መሣሪያዎች የሚሠሩበት ስለ ሆነ በከተማ አጠገብ ሁከት ይበዛበታል። የ5.8 ጊጋኸርዝ ሞገድ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ብዙ ጽሑፍ ይሸከማል፥ ቅጠል ግን በቀላሉ ይከለክለዋል። የ60 ጊጋኸርዝ ሞገድ ደግሞ ከሁሉ ይፈጥናል፤ ሆኖም በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅንና ዝናብ ስለሚውጡት ለአጭር መንገድ ብቻ ይጠቅማል። ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ያለው ረጅም ሞገድ በዛፍ መካከል ለማለፍ የተሻለ ሲሆን የሚሸከመው ጥቂት ነው። እንግዲህ ፈጣኑ ሁሉ ለማናቸውም ስፍራ መልካም ነው ማለት አይደለም።

አራተኛው የቋንቋ መስማማትና ሕግ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ማማውና የጣራው ሬዲዮ ተራ የሚሰጣጡበትን ሥርዓት እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ሠርተውታል። አንዱ የሚናገረውን ሌላው ላይሰማው ስለሚችል፥ የማማው ሬዲዮ ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ የጣራውን መግዛት ገንዘብን መጣል ነው። በኢትዮጵያም የሬዲዮ ሞገድን አጠቃቀም የሚቈጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ መሣሪያውም ሆነ አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት የተፈቀደለት መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። በደቡብ ህንድ በታሚል ናዱ፥ ቴኒ በተባለው ከተማ ያለው የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ከበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር በመተባበር በየመንደሩ ያሉትን የዓይን መመርመሪያ ጣቢያዎች ሩቅ በሚደርስ ዋይፋይ አገናኘ። በሽተኛው ከመንደሩ ሳይርቅ፥ ሐኪሙ በሆስፒታሉ ተቀምጦ በምስል እያየው ያነጋግረዋል። ሊቃውንቱ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ መሣሪያዎችን ከሚያበላሹት ዋና ምክንያቶች አንዱ የገጠሩ ኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ ማለቱ ነበር። የሞገዱ መንገድ ተሳክቶ ሳለ በቤቱ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ሥራውን ያቋርጠው ነበር።

የጣራው ሬዲዮ ኤሌክትሪክና ኢንተርኔቱን በአንድ ሽቦ ይቀበላል፤ የዚህም ሽቦ ርዝመት ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። ከመሣሪያዎቹ አንዳንዱ 24 ቮልት፥ አንዳንዱም 48 ቮልት ስለሚፈልግ፥ የአንዱን መመገቢያ ለሌላው መስጠት መሣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል። የመብረቅን አደጋ ለመቀነስም ምሰሶው በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር መገናኘት አለበት። ኤሌክትሪክ በሌለበት ስፍራ የፀሓይ ኀይል ይበቃል። 8 ዋት የሚፈጅ ሬዲዮ በ24 ሰዓት 192 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህም በ12 ቮልት ባትሪ 16 አምፔር ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ቢወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ለአንድ ቀን 32፥ ለሁለት ቀን ደመና 64 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ማዘጋጀት ይሻላል። ስለዚህ ጥቂት ዋት የሚፈጀው ሬዲዮ ዋጋው ቢበዛ እንኳ የባትሪውን ወጪ ስለሚያቃልል በመጨረሻው ሊረክስ ይችላል።

መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች የመሣሪያውን ውስጥ ማወቅ ግዴታቸው አይደለም፤ የሚጠይቁትን ማወቅ ግን ይገባቸዋል። ድርጅቱ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ባለሙያው የሙከራ ሬዲዮ ይዞ ጣራ ላይ ይውጣ፤ የዴሲቤሉን ቍጥር በጽሑፍ ይስጥ። ሰው በሚበዛበት በማታ ጊዜና ቅጠል በሚረጥብበት በክረምትም እንደ ገና ይለካ። ቍጥሩ፥ የአንቴናው አቅጣጫና የተተከለበት ቀን በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ፤ የአንቴናው ዝንባሌ በተለወጠ ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከአንዱ ዓይነት አንድ መለዋወጫ ሬዲዮና አንድ መመገቢያ በመጋዘን ይቀመጥ፤ ከመንደሩም አንድ ልጅ ሽቦውን መመርመርን ይማር።

ይህ ሁሉ ሳይጠየቅ የተተከለ ሬዲዮ ለጥቂት ወር ያስደስት ይሆናል፤ በኋላ ግን በቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝም ብሎ የሚታይ ብረት ይሆናል። ስፍራውን፥ ርቀቱን፥ ሞገዱን፥ የማማውን ቋንቋና ኤሌክትሪኩን መርምሮ የተመረጠ ግን መንደሩን ሳያስቸግር ያገለግላል፤ ጎረቤትም በተራው ሳይዘገይ ድርሻውን ያገኛል።