ቁስሉ ለምን ይቆጣል?

ልጅ ሆኜ በባዶ እግሬ ስሮጥ የግራር እሾህ ተረከዜን ወጋኝ። አባቴ በወረንጦው ቢነቅለውም ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። ማታ ተረከዜ ሞቀ። በማግስቱ አብጦ መርገጥ ከለከለኝ። በሦስተኛው ቀን ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። አያቴ ዳሰስ አደረገችኝና «ተቆጥቷል» አለች። እሾህ እንዴት ይቆጣል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ለካ የተቆጣው እሾሁ ሳይሆን እግሬ ኖሯል።

ሐኪሞቻችንም ከአያቴ ቃል አልራቁም፤ የጨጓራ መቆጣት፣ የመገጣጠሚያ መቆጣት ይላሉ። ምልክቶቹን ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ሮማዊው ኬልሱስ በአራት ቃል ጽፏቸዋል፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ ሙቀትና ሕመም። የመጀመሪያው በእኛ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ዓይንን ከማመን የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ሙቀቱን ከደህናው እግር ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

እሾህ ቆዳን ሲበሳ ብቻውን አይገባም፤ ባክቴሪያ ይዞ ነው። ቆዳ ሥር የሚኖሩ ማስት ሴል የተባሉ ህዋሳት በሂስታሚን የተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች አሏቸው። ጉዳት ሲደርስ ይዘረግፉታል። ያኔ በአካባቢው ያሉ ቀጫጭን የደም ስሮች ይሰፉና ደም ይጎርፋል፤ ቦታው የሚቀላውና የሚሞቀው ለዚህ ነው። በስሮቹ ግድግዳም ክፍተት ይፈጠራል። ውሃማው የደም ክፍል ፕሮቲን ይዞ በክፍተቱ ይፈስሳል፤ ተረከዙ ያብጣል። ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ የሕመም ነርቮችን ስስ ስለሚያደርጋቸው አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። አስፕሪን የሚያስታግሰን ይህ ንጥረ ነገር እንዳይመረት አግዶ መሆኑን እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

ይህ ሁሉ ግን በር መክፈት ብቻ ነው። በበሩ የሚገቡት ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ህዋሳት ናቸው። መቅኒያችን በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ያመርታቸዋል። በደም ውስጥ ሲነጉዱ ጉዳቱ ዘንድ ያለው የስር ግድግዳ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል፤ ይይዛቸዋል፣ ይንከባለላሉ፣ ይቆማሉ። ከዚያ እንደ ሊጥ ቀጥነው በሁለት የግድግዳ ህዋሳት መካከል ሾልከው ይወጣሉ። ጀርመናዊው ዩሊየስ ኮንሃይም በ1867 ይህን መሹለክ በእንቁራሪት ላይ በማይክሮስኮፕ ተከታትሎ ጽፏል።

ከሁሉ የምወደው ግን የሩሲያዊውን የኤሊ ሜችኒኮቭን ታሪክ ነው፤ የእሱም ነገር ከእሾህ ይጀምራል። በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ሳለ ከጓሮው የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ መስተዋት በመሰለ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም። ሲነጋ እሾሁን ተንቀሳቃሽ ህዋሳት ከበውት አገኘ። እጩ የደም ስር የለውም፤ ህዋሳቱ በራሳቸው ተጉዘው ነው የመጡት። መቆጣት በሽታ ሳይሆን መከላከያ ነው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ጠዋት ጉልበት አገኘ። በ1908 ሜችኒኮቭ ከፖል ኤርሊክ ጋር ኖቤልን ተካፈለ።

ኒውትሮፊል ባክቴሪያን ውጦ የሚገድልበት አንዱ መሣሪያ ቤታችን አይጠፋም። በሆዱ ውስጥ የሚሠራው አሲድ በረኪና ውስጥ ተህዋስ ገዳይ የሆነው ያው ነገር ነው። አሲዱን የሚሠራለት ኤንዛይም ቀለሙ አረንጓዴ በመሆኑ መግል አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ ይመታል። መግልም ቢሆን በአብዛኛው በውጊያው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ክምር ነው። ግን በረኪና ሰፈርን ለይቶ አያጥብም፤ ደህናውን ሥጋም ያቃጥላል። ስለዚህ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ማክሮፌጅ የተባሉ ትልልቅ ህዋሳት መጥተው ሬሳውን ይውጣሉ፣ ፍርስራሹን ያጸዳሉ። ሰውነትም ከዓሣ ዘይት ዓይነት ቅባቶች «በቃ» የሚሉ ኬሚካሎችን ያዘጋጃል። ቁጣው ደክሞት አይደለም የሚበርደው፤ ትእዛዝ ደርሶት ነው።

ንፍፊቱስ? ከቁስሉ የፈሰሰው ፈሳሽ ብሽሽት ላይ ባሉ እጢዎች ይጣራል፤ እዚያ ተጨማሪ ተከላካዮች ይራባሉ፣ እጢው ያብጣል። የእኔ ቁስል በአራተኛው ቀን መግሉ ሲፈነዳ ስባሪዋን እሾህ ይዟት ወጣ፤ ንፍፊቱም እየሟሸሸ ሄደ።

ሁሉም እንዲህ አይጠናቀቅም። ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሳብ መስመር ካዩ፣ እብጠቱ ቀን በቀን ከሰፋ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ቁስሉ ምንም ሳይቆጣ ሊመጣ ይችላል፤ እሾህም ይሁን ሚስማር ሲወጋዎ ክትባትዎ መቼ እንደነበር ይጠይቁ።