ቀዩ የቡና ፍሬ የት ገባ? ስለ ጥቁርና ነጭ ፊልም የተሳሳቱ አመለካከቶች

ቡና ሲለቀም ዓይን ብዙ አይቸገርም፤ የበሰለው ፍሬ ከአረንጓዴው ቅጠል መሃል «እዚህ ነኝ» ይላል። ያንኑ ቅርንጫፍ በጥቁርና ነጭ ፊልም አንስተው ሲያሳጥቡ ግን ፍሬውና ቅጠሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ለብሰው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ፊልሙ አልተበላሸም። የሚመዘግበው የብርሃንን መጠን እንጂ ቀለሙን ስላልሆነ፣ ቀዩና አረንጓዴው እኩል ከደረሱት እኩል ይቆጥራቸዋል። ቅጠልን፣ ጤዛን፣ የዛፍ ቅርፊትን፣ ሰው ሳያያቸው የሚያልፋቸውን ጥቃቅን ነገሮች በዚህ ፊልም ማንሳት የሚጀምር ሰው ቶሎ የሚገጥመው ይህ ነው። በሥራው ዙሪያ የሚነገሩት ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚሁ ይመነጫሉ፤ ፊልም ያየውን የሚገለብጥ ይመስለናል እንጂ በየደረጃው የሚወስንለት ሰው እንዳለ አናስተውልም።

«ጥቁርና ነጭ ማለት ቀለሙ የወጣለት ፎቶ ነው»

ቀለሙ አልወጣም፤ ወደ ብርሃንና ጥላ ተመንዝሯል። የምንዛሪውን ልክ የሚቆርጠው ደግሞ ፎቶ አንሺው ነው። ሌንሱ ፊት ቀይ ፊልተር ቢያደርግ ቀዩ ብርሃን ያልፋል፣ አረንጓዴው ይታገዳል፤ ፍሬው ይነጣል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል። በአረንጓዴ ፊልተር ነገሩ ይገለበጣል። የቀድሞዎቹ ፊልሞች ይህን ምርጫ አይሰጡም ነበር፤ በዋናነት ሰማያዊ ብርሃንን ብቻ ስለሚያዩ ሰማዩ እንደ ወረቀት ይነጣባቸው ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ፎገል እ.ኤ.አ. በ1873 ማቅለሚያ በመጨመር ዓይናቸውን ወደ አረንጓዴው አሰፋው። ቀይን ጭምር የሚያየው ፊልም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1927 በካሊፎርኒያው ዮሰማይት «ሃፍ ዶም» የተባለውን አለት ሊያነሳ ወጥቶ ሳለ ሁለት የመስታወት ፕሌቶች ብቻ ቀሩት። በአንዱ ላይ ቢጫ ፊልተር ተጠቀመ። ወዲያው ግን ፎቶው አለቱ ያሳደረበትን ስሜት እንደማይሸከም ገባውና ለመጨረሻው ፕሌት ደማቅ ቀይ ፊልተር አደረገ። ሰማዩ ወደ ጥቁር ተጠጋ፤ አለቱ ከነግርማው ወጣ። ቦታው ያው፣ ቀኑም ያው ነበር።

«ጥሩ የተፈጥሮ ፎቶ ሩቅ ቦታና ውድ ካሜራ ይፈልጋል»

ከፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ዌስተን ሥራዎች እጅግ ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1930 ያነሳው «ቃሪያ ቁጥር 30» ነው። ጠማማውን ቃሪያ ዘይት ወደ ጠርሙስ በምንገለብጥበት ዓይነት ባለ ሰፊ አፍ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠው፤ የቆርቆሮው ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ እያንጸባረቀ የቃሪያውን እጥፋት እንደ ሰው ገላ አሳየለት። ቁጥሩ ራሱ ስንቴ እንደተሞከረ ይመሰክራል። ፎቶ አንሺዋ ኢሞጅን ካኒንግሃምም ትንንሽ ልጆቿን ስታሳድግ ከቤት መራቅ ስላልቻለች ካሜራዋን ወደ አትክልቷ አዞረች፤ «የማግኖሊያ አበባ» የተባለው ፎቶዋ የእ.ኤ.አ. 1925 ፍሬ ነው።

የበርሊኑ መምህር ካርል ብሎስፌልት ደግሞ በሙያው ፎቶ አንሺ አልነበረም። ለጌጣጌጥ ጥበብ ተማሪዎቹ ማስተማሪያ የሚሆነው ሥዕል ስለፈለገ ካሜራውን ራሱ ሠርቶ የዱባ ሐረግን፣ የተጠቀለለ የፈርን ቡቃያን፣ የመንገድ ዳር አረምን እስከ 30 እጥፍ አጉልቶ ያነሳ ነበር። ሥራው በመጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1928፣ ስልሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

«የብርሃን መለኪያው ካለው አይወጣም»

መለኪያው የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ነጩን የቡና አበባ ቢያሳዩት «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንስና አበባውን አመድ ያስመስለዋል፤ ከሰል ቢያሳዩት ደግሞ ያነጣዋል። ስለዚህ ነጭ ነገር ላይ ብርሃን ይጨመራል፣ ጥቁር ነገር ላይ ይቀነሳል። ወደ ጥቃቅን ነገር ሲጠጉም ሌንሱ ከፊልሙ ይርቃል። ነገሩ ፊልሙ ላይ በራሱ ቁመት ልክ ሲያርፍ የሚደርሰው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በሌንሱ በኩል የሚለኩ ካሜራዎች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ በእጅ መለኪያ የሚሠራ ሰው ግን አራት እጥፍ መስጠት አለበት።

«በፊልም የተነሳ ፎቶ አልተነካካም»

ዊልሰን ቤንትሊ በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ጄሪኮ በምትባል ስፍራ የሚኖር ገበሬ ነበር። ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1885 የአንዲት የበረዶ ብናኝን ፎቶ አነሳ፤ እስኪሞት ድረስም ከ5,000 በላይ ሰብስቧል። ብናኟ በመዳፍ ሙቀት እንኳ ስለምትጠፋ በብርድ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚሠራው። ችግሩ ግን ነጩ በነጭ ላይ ደብዝዞ መቅረቱ ነው። ስለዚህ የኔጌቲቩን ቅጂ ያዘጋጅና በብናኟ ዙሪያ ያለውን ስስ ሽፋን በስለት ጠርዝ በጠርዝ ይፍቅ ነበር። የተፋቀው ቦታ ብርሃን ያለ ከልካይ ስለሚያሳልፍ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታተማል። ከየመጽሐፉ የምናውቀው ያ ጥቁር ሰማይ የእጅ ሥራ ነው፤ የብናኟ ስድስት ክንፎች ግን የበረዶው ናቸው።

አዳምስም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ «በሄርናንዴዝ የጨረቃ መውጣት» የተባለውን ፎቶ አንድ ጊዜ ብቻ አነሳው፤ በሕይወት ዘመኑ ግን ከ1,300 ጊዜ በላይ አተመው። በቀደሙት ህትመቶች ሰማዩ ደመናውን ያሳያል፤ በኋለኞቹ ጠቁሯል።

«ፊልም ሞቷል»

ፊልም አምራቹ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ጥበቃ መጠየቁ እውነት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1954 በ35 ሚሊ ሜትር የወጣው የኩባንያው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ትራይ ኤክስ፣ ዛሬም ይሸጣል፤ የእንግሊዙ ኢልፎርድም ጥቁርና ነጭ ማምረቱን አላቆመም። ፊልሙን ለማጠብም ፎቶ ቤት ግድ አይደለም። ባለ ቀለሙ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅ ኬሚካል ሲጠይቅ፣ ጥቁርና ነጩ 20 ዲግሪ ይበቃዋል።

መሞከር የፈለገ ከባለ 36 ፎቶው ፊልም ሦስቱን ለአንድ የቡና ቅርንጫፍ ይስጥ፦ አንዱን ያለ ፊልተር፣ አንዱን በቀይ፣ አንዱን በአረንጓዴ። ሦስቱን ህትመቶች ጎን ለጎን ያየ ሰው «የትኛው ነው ትክክለኛው?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ቅርንጫፉን ራሱን ቢያሳዩትም አይፈታለትም፤ ቅርንጫፉ ግራጫ ሆኖ አያውቅምና።