የአእምሮ ሕሙማንን የሚያስታምም ነርስ ደስታ

ቍስል የሚያክም ሰው ቍስሉ ሲሽር የድካሙን ፍሬ በዓይኑ ያያል። የአእምሮ ሕሙማንን የሚያስታምም ነርስ ግን ይህን ደስታ ቶሎ አያገኝም፤ አእምሮ የሚድነው ቀስ በቀስ ነውና፤ የዳነውም ሰው የሰውን አፍ ፈርቶ ይሰወራልና።

ለዚህ ሥራ ነርሶችን ለይቶ ማስተማር የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከዚያም ወዲህ ሕክምናው ወደ ሌሎች ከተሞች ስለ ደረሰ፣ የኮምቦልቻ ሰው በሽተኛውን ይዞ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሳይደክም ወደ ደሴ ይወጣል።

እንግዲህ ዘመድ የዳነላችሁ ቤተ ሰቦች ሆይ፣ መድኃኒት ለመቀበል ስትመለሱ የዳነውን ሰው ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ነርሱ ጤንነቱን አይቶ ደስ ይበለው፤ ይህም ከደመወዙ ላይ የሚጨመር የሥራው ዋጋ ነው።